ስለ ከተማችን መዝገብ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለወረዳችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለከተማችን ማዘጋጃ ቤት
ለወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት
ሰሜን ሸዋ

ጉዳዩ፦ ወደ መጋዘን የተዛወሩት የሕዝብ መዛግብት ተለይተው ለአገልግሎት እንዲከፈቱ፣ የትኛው አገልግሎት የት፣ በምን ማስረጃና በስንት ጊዜ እንደሚሰጥም ለባለጉዳይ በጽሑፍ እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የወረዳችን አስተዳዳሪ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ እና የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ፦

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በከተማችንና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች የምንገኝ እድሮች በጋራ መክረን ነው። ለመጻፍ ያስገደደን ባለፈው ዓመት የተላለፈ አንድ ውሳኔ ነው። የከተማው ቀበሌዎች ሲዋሐዱ አሮጌው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ለሌላ ሥራ ተሰጠ፤ በውስጡ የነበረው መዝገብ ቤትም ከነፋይሎቹ ተነሥቶ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ከበስተኋላ ወዳለው መጋዘን ገባ። ቤቱ ለሌላ ሥራ መዋሉን አንቃወምም። ቅሬታችን ያረፈው በዝውውሩ አደራረግ ላይ ነው። ስንት ፋይል እንደተነሣ፣ ስንቱ እንደደረሰ፣ ማን አስረክቦ ማን እንደተረከበ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት አልተጻፈም። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያውቋቸው የነበሩት የመዝገብ ቤት ሠራተኛም በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ በግማሽ ቀን ያልቅ የነበረ ጉዳይ ወራት እየፈጀ ነው፤ ጭራሽ ሳያልቅ የቀረውም ብዙ ነው።

በአደባባይ በሚወጣው በዚህ ቅጂ ላይ የወረዳውንም ሆነ የሠራተኞቹን ስም አልጻፍንም። በእጅ የሚደርሳችሁ ቅጂ ግን የእድሮቻችን ማኅተም ያረፈበትና የባለጉዳዮቹ ዝርዝር በፈቃዳቸው የተያያዘበት ነው። የምንፈልገው ሥራው እንዲቃና እንጂ አንድ ሠራተኛ በሕዝብ ፊት እንዲወቀስ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሠራተኞች የሌላውን ጥፋት ተሸክመው ከባለጉዳይ ጋር ሲጨቃጨቁ የሚውሉ መሆናቸውን እናያለን።

እድር ስለ መንግሥት መዝገብ ምን አገባው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ያገባናል፤ ፋይል ሲጠፋ ሰው የሚላከው ወደ እኛ ነውና። «ሟች የእድራችሁ አባል እንደነበሩና በዚህ ቀን እንደተቀበሩ ጽፋችሁ አምጡ» ተብለው የሚመጡ ባለጉዳዮች ከዝውውሩ ወዲህ በርክተዋል። የእድራችን መዝገብ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ነው። በእስክርቢቶ በተሰመሩት ዓምዶቹ ውስጥ ተራ ቁጥር፣ የአባሉ ስም ከነአያት፣ የገባበት ቀን፣ ከቤተሰቡ የሞተ ካለ ስሙ፣ የቀብሩ ቀንና ቦታ፣ ለሐዘንተኛው የተሰጠው ገንዘብ፣ በመጨረሻም የተቀባዩ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይሰፍራል። ጸሐፊ ሲለወጥ ይህ ደብተር በእድሩ ዳኞች ፊት ገጹ ተቆጥሮ ይተላለፋል፤ ድንኳኑና ድስቱም እንዲሁ ተቆጥሮ ነው። የብዙ ሺህ ሰው ቤት፣ መሬት፣ ልደትና ሞት የተጻፈበት መዝገብ ያለ ቆጠራ ከቤት ወደ ቤት መዛወሩ ያሳዘነን ለዚህ ነው።

መጋዘኑን በዓይናችን አይተነዋል። ባለፈው ግንቦት በማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገብተን ነበር። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው የተሰባበረ የትምህርት ቤት ዴስክና አሮጌ የውኃ ቧንቧ ነው። ፋይሎቹ ከዚያ ጀርባ ናቸው፤ ከፊሉ በሲባጎ ታስሮ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ተከምሯል፣ ከፊሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ አፉ ሳይታሰር ቆሟል። በአንዱ እስር ላይ «ቤትና ቦታ፣ ከ1984 እስከ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር በውኃ ታጥቦ ጠፍቷል። ቆርቆሮው በምስማሩ ቀዳዳ በኩል ያፈስሳል፤ ከቀዳዳው ሥር በነበረው እስር ውስጥ ወረቀቶቹ ተጣብቀው አንዱን ከሌላው ማላቀቅ አልተቻለም። ከከረጢቱ አንድ ፋይል ብናወጣ ጠርዙን አይጥ በልቶት የተረፈው የአንድ ማመልከቻ የላይኛው ግማሽና ቴምብር የተለጠፈበት ቁራጭ ነበር። የማን ማመልከቻ እንደነበረ ስሙ ከተበላው ወገን ስለነበር ማወቅ አልቻልንም። ይህን ያየነው ከክረምቱ በፊት ነው። ክረምቱ አልፏል፤ ቆርቆሮው ግን እስከ ዛሬ አልተጠገነም።

ከዚህ የተነሣ በሰው ላይ የደረሰውን በየፈርጁ እናቀርባለን።

አንደኛው የሞትና የውርስ ጉዳይ ነው፤ እኛ በቅርብ የምናውቀውም ይህንኑ ነው። ከአባሎቻችን አንዷ እናት ባለቤታቸው ያረፉት በ2012 ዓ.ም. ነው። ሞቱ በጊዜው በቀበሌ ተመዝግቧል፤ ያስመዘገበው ልጃቸው ነው። የምስክር ወረቀቱን ግን በዚያን ጊዜ አላወጡም፤ ሐዘን ላይ የነበረ ቤተሰብ ነገ ያስፈልገናል ብሎ አላሰበም። አሁን በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባለቤታቸውን ድርሻ ወደ ወራሾች ለማዛወር ሲጠይቁ የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤቱ የወራሽነት ውሳኔ አምጡ አላቸው። ፍርድ ቤቱ የሞት ምስክር ወረቀት ጠየቃቸው። የቀበሌው መዝጋቢ ደግሞ የ2012 መዝገብ በእጃቸው እንደሌለና ምናልባት ከተዛወረው ጋር ሊሆን እንደሚችል ነገሯቸው። መጋዘን ጠባቂው ያለ ደብዳቤ አላስገባም አለ፤ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ግን አልተገኘም።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። መዝገቡ ከጠፋ «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚል አጭር ደብዳቤ ቢሰጣቸው ፍርድ ቤቱ በሰው ምስክርና በእድራችን ማስረጃ ነገሩን ሊመረምር ይችል ነበር። ይህን ስንጠይቅ «መጥፋቱን በጽሑፍ ማረጋገጥ አንችልም» ተባልን። እንግዲያው ይገኛል ወይ ብንል ይህንንም የሚያረጋግጥልን አጣን። እንደ አዲስ አስመዝግቡ የሚል ምክርም ተሰጥቷቸዋል፤ አንድ ሞት ሁለት ጊዜ ሊመዘገብ ነው፣ በጊዜው ግዴታቸውን የተወጡ ሴትም እንደዘገዩ ሊቆጠሩ ነው። በዚህ መሐል መሬቱን የእኩል የያዘው አራሽ ውሉን አላድስም ብሏል፤ ከማን ጋር እንደሚፈራረም ስላላወቀ አንፈርድበትም። ያ ደብተር የባልና የሚስቱ ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ያለበት ነው። የእርሳቸው መብት በግልጽ ተጽፎ ሳለ የመንግሥት መዝገብ በቦታው ባለመገኘቱ ብቻ ማሳቸው ጾም ሊያድር ተቃርቧል።

ሁለተኛው የከተማ ቤትና ቦታ ነው። አንድ ጡረተኛ አባላችን የሚኖሩት አባታቸው ከ1967 ዓ.ም. በፊት በሠሩት ቤት ነው። በዚያ ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ይህ ቤት መኖሪያቸው ስለነበር አልተወሰደባቸውም። ከዚያ ወዲህ የቦታና የቤት ግብር የከፈሉባቸውን ካርኒዎች ዓመት በዓመት ደርድረው በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጠዋል። ካርታ ለማሠራት ሲያመለክቱ ፋይላቸው አልተገኘም ተባሉ፤ ፋይል ስለሌላቸውም እንደ ሰነድ አልባ ይዞታ እንዲስተናገዱ ተነገራቸው። ሰነድ አልባ ማለት ከመጀመሪያውም ሰነድ ያልነበረው ማለት ነው። እኒህ አባት ሰነድ ነበራቸው፤ ተቀብሎ በፋይል ያኖረው መሥሪያ ቤት ነው፤ የጠፋውም በመሥሪያ ቤቱ እጅ ሳለ ነው። ካርኒዎቹ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለባቸው የራሱ ወረቀቶች ሆነው ሳለ «ይህ ክፍያን እንጂ ይዞታን አያሳይም» ተብለው ተመልሰዋል። በሕግ ክርክሩ ውስጥ አንገባም። በካርኒው ላይ የተጻፈው የፋይል ቁጥር ግን ፋይሉ እንደነበረ ያሳያል፤ መሥሪያ ቤቱም ይህን ቁጥር ይዞ የመፈለግ ግዴታ አለበት ብለን እናምናለን። እስካሁን የፈለገለት የለም።

ሦስተኛው የወጣቶች ጉዳይ ነው። የክብር መዝገብ ነገር በአገራችን ብዙ ዘመን ተጓትቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመዝገብ እንዲጻፍ ቢደነግግም፣ ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 ሥራ ላይ የሚውልበትን ጊዜ ስላቆየው መዝገቡ ሳይከፈት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የተወለደ የከተማችን ወጣት ሁሉ ማስረጃው የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ ካልሆነ በቀበሌ የነበረው የቤተሰብ ቅጽ ነው። ያ ቅጽ ደግሞ ከተዛወሩት ፋይሎች ጋር ሄዷል። በአንድ ቤት ያደጉ ወንድምና እኅት ያጋጠማቸውን እንጥቀስ። ወንድሙ ከዝውውሩ በፊት በዚያ ቅጽ የነዋሪነት መታወቂያ አውጥቷል። እኅቱ ዘንድሮ ስትጠይቅ ቅጹ የለም፣ የዚህ ከተማ ነዋሪ ስለመሆንሽ ማስረጃ አምጪ ተባለች። እናቷ፣ አባቷና ወንድሟ የዚሁ ቀበሌ መታወቂያ ይዘው አጠገቧ ቆመው ነበር። መታወቂያው ሳይወጣ የተመዘገበችበት የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ጊዜው አለፈ። ለባንክ ሒሳብ መክፈቻ ሳይቀር ፋይዳ በሚጠየቅበት በዚህ ዘመን መነሻ የሚሆነው የቀበሌ ወረቀት ሲጠፋ ወጣቱ የሚደናቀፈው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም።

የዛሬዎቹ ሕፃናትም ነገር ያሳስበናል። አዋጁ ልደት በ90 ቀናት፣ ሞት በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። እናቶቻችን በጤና ጣቢያ ሲወልዱ ማሳወቂያ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ወረቀቱን ይዘው ወደ ቀበሌ ሲመጡ ግን መዝጋቢዋ በሌላ ሥራ ተደርባ ስለምትሠራ ብዙ ጊዜ በሩ ዝግ ነው። ያች እናት ጨቅላ አዝላ ስንት ጊዜ ትመላለሳለች? ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ጥፋቱ የእናት ሆኖ ይመዘገባል።

አራተኛው ቅሬታችን የሚታወቀው ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰው አእምሮ ውስጥ መሆኑ ነው። በከተማችን አንድ ጉዳይ የት እንደሚጀመር፣ የትኛው በር እንደሚንኳኳ፣ ምን ምን እንደሚያዝና ስንት እንደሚከፈል የሚናገር ጽሑፍ የለም። በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ጊዜው ያለፈበት ጨረታና የስብሰባ ጥሪ ተለጥፎበት ፀሐይ ያቃጥለዋል። ባለጉዳዩ የሚጠየቀውን የሚያውቀው በየተራ ነው፦ መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ሲመለስ ሁለት ፎቶግራፍ፣ ሲመለስ የመታወቂያ ኮፒ፣ ሲመለስ ከቀበሌ ሸኚ ደብዳቤ፣ ሁሉን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ከገደሉ ሥር ካሉት ቀበሌዎች የሚመጣ ገበሬ ሌሊት ተነሥቶ አቀበቱን ወጥቶ ነው የሚደርስ። መብራት በጠፋበት ቀን ኮፒ እንኳ አያገኝም። እነዚህ አራት መስፈርቶች በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው በየቀበሌው ቢለጠፉ ኖሮ ይህ ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለስ ነበር።

የገጠሩ ሕዝብ ወደ ከተማ የሚወጣው በቅዳሜ ገበያ ነው። እህሉን የሚሸጠው፣ ጨውና ዘይት የሚገዛው፣ ዘመዱን የሚጠይቀው፣ ለቅሶ የሚደርሰው በዚያው ቀን ነው። ጽሕፈት ቤቶቹ ደግሞ ቅዳሜ ዝግ ናቸው። ሰኞና ማክሰኞ ሠራተኛው በርና ጠረጴዛ ይዞ ይጠብቃል፤ ባለጉዳዩ እርሻው ላይ ነው። ቅዳሜ ባለጉዳዩ ከተማውን ሞልቶት ይውላል፤ በሩ ተቆልፏል። ይህን ለማስተካከል አዲስ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ ተራ አውጥቶ መግባትና በምትኩ በሌላ ቀን ማረፍ ይበቃል።

ጽሑፍ በሌለበት ቦታ ሌላ ነገር ይበቅላል። ከዝውውሩ ወዲህ «ፋይል እናስገኛለን» የሚሉ ሰዎች በግቢው በር አካባቢ መታየት ጀምረዋል። ገንዘብ እየተቀበሉ አንዳንዱን ፋይል በእርግጥም ያስገኛሉ። ይህን ስንሰማ ሁለት ነገር አሳሰበን። የመጀመሪያው፣ ለድሀው የለም የተባለው ፋይል ለከፈለው የሚገኝ ከሆነ ፋይሉ አልጠፋም ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የሕዝብ መዝገብ ማን እንደሚነካው በማይታወቅበት ሁኔታ ሰዎች እጅ እየገባ ነው፤ ወረቀት ከፋይል የሚያወጣ ሰው ነገ ወረቀት ወደ ፋይል የማያስገባበት ምክንያት የለም። ማንንም አንከስም፤ ነገር ግን ምክር ቤቱ ይህን በጊዜ እንዲያጣራ አጥብቀን እናሳስባለን።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ማደሻ ጊዜ በወቅቱ ስለማይነገር ጊዜው ያለፈባቸው አባላት በጤና ጣቢያ ከኪሳቸው ከፍለው ታክመዋል። የውኃ ፈረቃ በየትኛው ሰፈር በየትኛው ቀን እንደሆነ የሚያውቀው ቧንቧ ከፋቹ ብቻ ነው። የወረዳው ዓመታዊ በጀት ቀድሞ በሰሌዳ ይለጠፍ ነበር፤ አሁን የት እንደሚታይ አናውቅም። የክልሉ ሕግ የሚታተምበት ዝክረ ሕግ ጋዜጣም በከተማችን ማንም ገልጦ የሚያነብበት ቦታ የለውም።

የምንጠይቀው ችሮታ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ እንዲጠይቅ፣ ለጥያቄውም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ደንግጓል። የዚያ አዋጅ የብዙኃን መገናኛ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1238 ሲተካ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ባለበት ጸንቷል። መልስ ያጣ ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። እስካሁን ወደዚያ ያልሄድነው ነገሩ እዚሁ በእናንተ እጅ ሊፈታ ይችላል ብለን ስለምናምን ነው።

ሌላም ስጋት አለን። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት ስትጋይ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲዘልቅ፣ ዞናችን ቤትና ንብረት በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚወድም አይቷል። ቤት የተቃጠለበት ሰው ቤቱን መልሶ ሊሠራ ይችላል፤ ቦታው የእርሱ እንደነበረ የሚናገረው ወረቀት አብሮ ከነደደ ግን በምን ይከራከራል? የእኛ ከተማ መዛግብት ሌላ ቅጂ የላቸውም። በአንድ መጋዘን፣ በአንድ ቆርቆሮ ሥር፣ ያለ መደርደሪያ ተቀምጠዋል። አባቶቻችን የርስትና የጉልትን ነገር በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ያጽፉ የነበረው መጽሐፉ ከማንኛውም ዕቃ በፊት ከአደጋ እንደሚወጣ ስለሚያውቁ ይመስለናል። የእኛን መዝገብ ከአደጋ ቀድሞ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ዛሬ ብንጠየቅ መልስ የለንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት መጋዘኑ ይከፈት፤ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ ከምክር ቤቱና ከነዋሪው የተውጣጣ ኮሚቴ ባለበት ፋይሎቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ፤ ቁጥራቸው፣ የባለቤቱ ስምና ያሉበት ሁኔታ በመዝገብ ይስፈር፤ ርክክቡም ዘግይቶም ቢሆን በፊርማ ይፈጸም። ቀድሞ በቦታው የነበሩት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለዚህ ሥራ ጥቂት ሳምንታት በውሰት ቢመጡ ፋይሉን በእጅ ስለሚያውቁት ሥራው በእጅጉ ይፈጥናል። ቆርቆሮው ከዚህም በፊት ይጠገን።

በቆጠራው ተፈልጎ ላልተገኘ ፋይል መሥሪያ ቤቱ «አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ለባለጉዳዩ ያለ ክፍያ ይስጥ። ከጥያቄዎቻችን ሁሉ ይህን እናስቀድማለን፤ ወጪው አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ከታሠረበት የሚፈታው እርሱ ነው። በመሥሪያ ቤቱ እጅ ሳለ ፋይሉ የጠፋበት ሰው ሰነድ አልባ ተብሎ አይመደብ፤ በዚሁ ምክንያት ዳግም የሚያስመዘግብም ለዘገየ ምዝገባ አይቀጣ። በእጁ ያለ ካርኒ፣ የእድር መዝገብ፣ የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ በደጋፊ ማስረጃነት ይታይለት፤ የእኛን መዝገብ ለመመርመር የሚመጣ ባለሙያ በማንኛውም ቀን ደብተሩ ይከፈትለታል።

የእያንዳንዱ አገልግሎት መስፈርት፣ ክፍያ፣ የሚወስደው ጊዜና የሚሰጥበት ክፍል በትልቁ ተጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ በር፣ በየገጠር ቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በጤና ጣቢያው ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወገኖቻችንም በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይነገር። ጽሑፉ ላይ የሌለ መስፈርት ባለጉዳይ አይጠየቅ። የመረጃ ጥያቄ የሚቀበለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ ተቀብሎም ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ይስጥ።

ቅዳሜ ቢያንስ እስከ እኩለ ቀን የወሳኝ ኩነት፣ የመሬትና የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት በተራ ይሰጥ። የወሳኝ ኩነት መዝጋቢዋ በሌላ ሥራ አትደረብ፤ መደረቧ ግድ ከሆነም የምትገኝባቸው ቀናት በበሩ ላይ ይጻፉ።

በመጨረሻም ከተቆጠሩት መዛግብት ውስጥ የይዞታና የወሳኝ ኩነት ሰነዶች ቅጂ ተነሥቶ ከከተማችን ውጭ በሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲቀመጥ ምክር ቤቱ ይወስንልን። ሁሉን በአንድ ዓመት መጨረስ እንደማይቻል እንረዳለን፤ በውኃና በአይጥ ከተጎዱት ይጀመር።

እኛም ባዶ እጃችንን አልመጣንም። መደርደሪያ የሚሆን እንጨት ከእድሮቻችን ተዋጥቶ ይገዛል፤ የከተማችን አናጢዎችም የእጅ ዋጋ ሳይጠይቁ ሊሠሩት ቃል ገብተዋል። አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ፣ ጽሑፋቸው የሚነበብ የአባሎቻችን ልጆች በመዝጋቢዎች ቁጥጥር ሥር ሆነው በቆጠራው ለማገዝ ተመዝግበዋል። ዝርዝሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የሚቀረው የእናንተ ፈቃድና የሥራ መርሐ ግብር ነው።

መልሳችሁን ሕጉ በሚለው 30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት የምትጠሩን ከሆነ የእድሮቹ ዳኞች በቀጠራችሁን ቀን እንገኛለን፤ በላይ የጠቀስናቸው ባለጉዳዮችም ወረቀቶቻቸውን ይዘው አብረውን ይመጣሉ።

ከሰላምታ ጋር

የከተማውና የአካባቢው እድሮች ኅብረት ጸሐፊ
በእድሮቹ ዳኞች ስም

ግልባጭ፦
ለወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት
ለወረዳው ገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤት
ለከተማውና ለገጠር ቀበሌዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች
ለየእድሩ